የፌዴራል ምርመራ መዝገብ በ7(ኤ)፣ በ7(ሲ) እና በ7(ኢ) ሙሉ በሙሉ ተከለከለ፤ ይግባኙ ላይ ምን ይጻፍ?

መዝገብ ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ (ፎያ) መሠረት ለአንድ የፌዴራል ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት የቀረበ ጥያቄ ነው። ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛው በአንድ ኩባንያ ላይ የተካሄደ የማጭበርበር ምርመራ መዝገብ ነው። የኩባንያው አንድ ኃላፊ ጥፋቱን አምኖ ተፈርዶበታል። ሁለተኛው በዚያው ጉዳይ ስሙ የተነሣ፣ ነገር ግን ያልተከሰሰ ሌላ ሰው የሚመለከት ማንኛውም ሰነድ ነው።

ለመጀመሪያው ክፍል 340 ገጽ ተገኝቷል፤ የምርመራ መዝገቦችን በሚመለከተው የሕጉ ክልከላ 7(ኤ)፣ 7(ሲ) እና 7(ኢ) ምክንያት አንዱም አይሰጥም ተብሏል። ለሁለተኛው ደግሞ «ሰነድ መኖሩንም አለመኖሩንም አናረጋግጥም» የሚል መልስ መጥቷል። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንዳንድ መዝገቦች ጭራሽ በሕጉ እንደማይሸፈኑ የሚገልጽ አንቀጽም አለ። ደብዳቤው ከተጻፈ 61 ቀን ሆኖታል።

ይግባኝ ማለት ያዋጣል ወይስ ቀጥታ ፍርድ ቤት? ይግባኝ ከተባለስ ምን ቢጻፍ ነው የሚሠራው?

---

የሰነድ ሰው

ከሁሉ በፊት ቀኑን ያዙ። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ማሻሻያ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች ቢያንስ 90 ቀን የይግባኝ ጊዜ መስጠት አለባቸው። የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ዕለት እንጂ እጅዎ ከገባበት ቀን አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። ስለዚህ የቀረዎት 29 ቀን ነው። ይግባኝ ሳይሉ ክስ ከመሠረቱ ዳኛው የውስጡን መንገድ አልጨረስክም ብሎ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል። ጥሩ ክርክር የያዙ ብዙ ጉዳዮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

የመጨረሻው አንቀጽ አያስደንግጥዎ። በ1986 ማሻሻያ ሦስት ዓይነት መዝገብ ከሕጉ ሽፋን ውጭ እንዲደረግ ተፈቅዷል፤ ያ ማሳሰቢያ ግን ለጠያቂ ሁሉ የሚለጠፍ ነው። ስለ እርስዎ ፋይል ምንም አይናገርም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ክልከላ 7 አንድ ክልከላ አይደለም፤ ከ(ኤ) እስከ (ኤፍ) ስድስት ንዑስ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱን ማስረጃ ይጠይቃል። «የምርመራ ፋይል ነው» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ያ የመግቢያው በር ብቻ ነው፤ ከበሩ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ይህ ወረቀት ቢሰጥ የትኛው ጉዳት እንደሚደርስ ማሳየት አለበት። በይግባኝዎ ሦስቱን ደባልቀው «ክልከላው ሕገወጥ ነው» ቢሉ መልሱም እንደዚያው ጅምላ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ንዑስ ክፍል ለየብቻው አንድ አንቀጽ ይጻፉ።

ከ7(ኤ) ይጀምሩ፣ ምክንያቱም የእርስዎ ጉዳይ ላይ ደካማው እሱ ነው። 7(ኤ) የሚጠብቀው በመካሄድ ላይ ያለን ወይም በቅርብ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅን የሕግ ማስከበር ሂደት ነው። ጊዜያዊ ነው፤ ሂደቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። የእርስዎ ሰው ጥፋቱን አምኖ ተፈርዶበታል። ስለዚህ ሦስት ነገር ያረጋግጡና ከይግባኙ ጋር ያያይዙ፦ የፍርድ ውሳኔው፣ ይግባኝ አለመጠየቁን ወይም ይግባኙ መዘጋቱን የሚያሳየው የክስ መዝገብ ዝርዝር፣ ዓቃቤ ሕግ ስለ ጉዳዩ ያወጣው መግለጫ። ሁሉም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ሥርዓት፣ በፔሰር ላይ ይገኛሉ። ዋጋው በገጽ 10 ሳንቲም ነው፤ ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም። በሦስት ወር ውስጥ የተጠቀሙት 30 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምንም አይከፍሉም።

የሚያሰናክለው ሌላ ተከሳሽ ፍርድ እየጠበቀ ከሆነ ነው። ያኔ 7(ኤ) በሕይወት አለ። ቢሆንም 340 ገጹን በአንድ ማሰሪያ ማሰር አይቻልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 በሮቢንስ ታየር ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱን ወረቀት ሳይሆን የሰነድ ዓይነቶችን ጠቅሶ እንዲከራከር ፈቅዷል። ዓይነቶቹ ግን የምስክር ቃል፣ የባንክ መዝገብ፣ የላብራቶሪ ውጤት እየተባሉ ትርጉም ባለው መንገድ መለየት አለባቸው፤ የእያንዳንዱ ዓይነት መውጣት ሂደቱን እንዴት እንደሚያውክም መነገር አለበት። ደብዳቤው ይህን ካልነገራችሁ በይግባኙ ላይ ይህንኑ ጻፉ።

---

ትርሲት

በ7(ሲ) ላይ ልጨምር፤ ሰው ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ነውና። 7(ሲ) የግል ሕይወትን የሚጠብቅ ነው። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥት ኮምፒውተር ውስጥ የተሰበሰበ የአንድ ሰው የወንጀል ታሪክ፣ ቁርጥራጩ በየፍርድ ቤቱ ቢገኝም፣ እንደ ግል ጉዳይ ይጠበቃል ብሏል። ሕዝብ የማወቅ ጥቅም ሲባል የሚቆጠረው መንግሥት ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ መረጃ ብቻ ነው። ስለ ግለሰቡ የማወቅ ጉጉት፣ ወይም ሰነዱ ለሌላ ክስ ያስፈልገኛል ማለት፣ ሚዛን ላይ ምንም አይመዝንም።

እዚህ ግን ጠያቂው ጠንካራ ካርድ አለው። የምርመራው ዒላማ ኩባንያ ነው። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤቲ ኤንድ ቲ ጉዳይ ኩባንያ በ7(ሲ) የሚጠበቅ የግል ሕይወት የለውም ብሎ በአንድ ድምፅ ወስኗል። ስለዚህ የኩባንያው ስም፣ ሒሳቡ፣ የውስጥ ደብዳቤዎቹ በ7(ሲ) ሊሸፈኑ አይችሉም። የንግድ ምስጢርን የሚጠብቅ ሌላ ክልከላ አለ፣ ቁጥር 4፤ በደብዳቤው ላይ አልተጠቀሰም።

ስለ ተፈረደበት ኃላፊ፦ በአደባባይ የተፈረደበት ሰው ስለዚያ ክስ ያለው የግል ጥበቃ ያነሰ ነው፤ የዋሺንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 እንዲህ ብሎ በተፈረደባቸውና በነፃ በተለቀቁት መካከል ልዩነት አድርጓል። ሙሉ በሙሉ ራቁቱን ይቀራል ማለት ግን አይደለም።

አንድ ምክር፦ የመርማሪዎችን፣ የጸሐፊዎችንና የምስክሮችን ስም ለማግኘት አትታገሉ። በይግባኙ ላይ «የበታች ሠራተኞችና የሦስተኛ ወገኖች ስምና አድራሻ ቢጠቁር አልቃወምም» ብላችሁ ጻፉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር 7(ሲ)ን ከሙሉ ገጽ ወደ ጥቂት ጥቁር መስመሮች ያወርደዋል። ሕጉ ሊነጠል የሚችል ክፍል ሁሉ ተነጥሎ እንዲሰጥ ያዛል፤ ስም ደግሞ ከማንም በላይ የሚነጠል ነገር ነው።

---

መዝገብ ፈላጊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልተከሰሰው ሰውዬስ? «አናረጋግጥም» የሚለውን እንዴት ነው የሚሞግቱት? 340 ገጹ በምን ምክንያት የትኛው ገጽ እንደተያዘ ዝርዝር እንዲሰጡኝ በይግባኙ ላይ ልጠይቅ?

---

ትርሲት

«አናረጋግጥም» የሚባለው መልስ ግሎማር ይባላል። ስሙ የመጣው ሲአይኤ የሰመጠ የሶቪየት ባሕር ሰርጓጅ ለማውጣት ከተጠቀመበት ግሎማር ኤክስፕሎረር ከተባለው መርከብ ነው፤ በ1976 በፊሊፒ ጉዳይ ፍርድ ቤት ተቀበለው። በምርመራ ፋይሎች ላይ ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የአንድ ሰው ስም በመርማሪ መሥሪያ ቤት ፋይል አለ ማለቱ ብቻውን ያጎድፈዋል።

የሚፈርሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሰውዬው ራሱ ይፍቀድ። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ላሉ መሥሪያ ቤቶች ዲኦጄ-361 የተባለውን የማንነት ማረጋገጫ ቅጽ ፈርሞ ለእናንተ እንዲሰጥ ይስማማል፤ ኖታሪ አያስፈልግም፣ በሐሰት ብናገር ልቀጣ የሚለው ፊርማ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሞቶ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት ወይም በጋዜጣ የወጣ የሞት ማስታወቂያ አያይዙ። ከ100 ዓመት በፊት የተወለደን ሰው ኤፍቢአይ እንደሞተ ነው የሚቆጥረው፤ የልደት ቀኑን ማስረጃ ማቅረብ ይበቃል። ሦስተኛ፣ መንግሥት ራሱ ሰውየው እንደተመረመረ በይፋ ተናግሮ ከሆነ። ጋዜጣ ጽፎታል ማለት አይበቃም፤ ዓቃቤ ሕግ በችሎት ወይም በመግለጫ ያለው መሆን አለበት።

እነዚህ ከሌሉ የቀረው የመንግሥት ጥፋት ነው። በ2004 በፋቪሽ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠርጥሬ ነው ማለት አይበቃም፣ ምክንያታዊ ሰው ጥፋት ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል ብሎ እንዲያምን የሚያደርግ ማስረጃ አምጣ ብሏል። ከባድ መስፈርት ነው። የኢንስፔክተር ጀነራል ሪፖርት ወይም የዳኛ ትችት ካላችሁ ይረዳል፤ ባዶ እጅ ከሆናችሁ ጉልበታችሁን በ340 ገጹ ላይ አውሉት።

---

የሰነድ ሰው

ዝርዝሩን በተመለከተ፦ የምትጠይቁት ቮን ኢንዴክስ የሚባለው ነው፤ በ1973 በቮን ጉዳይ የመጣ፣ እያንዳንዱን የተያዘ ሰነድና ምክንያቱን የሚያስረዳ ሠንጠረዥ። በይግባኝ ደረጃ መብት የለውም፤ የሚገኘው ፍርድ ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው። ይግባኙን በዚህ መሙላት ቦታ ማባከን ነው። በዚህ ደረጃ ሕጉ የሚያስገድደው የተያዘውን መጠን መገመትን ነው፤ 340 ብለዋልና አድርገውታል።

7(ኢ) ቀርቷል። የሚጠብቀው የምርመራ ዘዴዎችንና መመሪያዎችን ነው። ሕዝብ የሚያውቀው ዘዴ በአብዛኛው አይጠበቅም፤ የባንክ ሒሳብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መጠየቅ፣ ምስክር ማነጋገር፣ ቤት መፈተሽ ምስጢር አይደሉም። የማጭበርበር ምርመራ ደግሞ አብዛኛው ይኸው ነው። የኮምፒውተር ሥርዓት ኮዶችና የፋይል ምድብ ቁጥሮች ግን በ7(ኢ) ይጠቁራሉ፤ ለእነሱ መከራከር አያዋጣም። የምትጠይቁት ዘዴው በጥቅል ምን እንደሆነና ወረቀቱ ሁሉ እንዴት ዘዴ ሊሆን እንደቻለ ነው። 340 ገጽ ሙሉ ዘዴ ነው ብሎ የሚያምን ይግባኝ ሰሚ አይኖርም።

የ2016ቱን ማሻሻያም ጥቀሱ፦ መሥሪያ ቤቱ ሰነድ የሚይዘው ክልከላው የሚጠብቀው ጥቅም ይጎዳል ብሎ በምክንያት ሲገምት ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር። በችሎት የቀረበ ማስረጃ፣ የፍተሻ ማዘዣ ማመልከቻ፣ የክሱ ጽሑፍ በአደባባይ ያለ መረጃ ነው። ተመሳሳዩ ነገር በ340 ገጹ ውስጥ ካለ ሊይዙት አይችሉም፤ የትኛው መረጃ፣ የት መዝገብ፣ በስንተኛ ገጽ ወጥቷል የሚለውን ማሳየት ግን የጠያቂው ሸክም ነው። በ1999 በኮቶን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በችሎት የተሰሙ የስልክ ጠለፋ ካሴቶች እንዲሰጡ ያደረገው ጠያቂው የትኞቹ እንደተሰሙ ለይቶ ስላሳየ ነው።

---

ዮናስ ዘ.

ትንሽ ማስተካከያ፦ የይግባኙ አድራሻ መሥሪያ ቤቱ በማን ሥር እንደሆነ ይለያያል። ኤፍቢአይን ጨምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ላሉት ወደ መረጃ ፖሊሲ ቢሮ ይሄዳል፤ ሌሎቹ የራሳቸው አላቸው። በደብዳቤው ላይ ያለውን አድራሻ ብቻ ተከተሉ። የጥያቄውን ቁጥርና የደብዳቤውን ቀን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጡ፣ የደብዳቤውን ቅጂ አያይዙ፣ በፖርታል ከላካችሁ የመቀበያውን ማረጋገጫ አስቀምጡ። ፍለጋው በቂ አልነበረም ብላችሁ ካሰባችሁም በዚሁ ይግባኝ ንገሯቸው፤ ለምሳሌ የኩባንያው ስም በራሱ ፋይል ብቻ ተፈልጎ በሌሎች ፋይሎች ውስጥ የተጠቀሰበት ካልታየ። ያልተነሣ ነጥብ በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ያስቸግራል።

ለይግባኙም የመልስ ጊዜ 20 የሥራ ቀን ነው፤ በተግባር ያልፋል። ካለፈ ያለ መልስም መክሰስ ይቻላል። ከመክሰስ በፊት በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ያለው የሽምግልና ቢሮ፣ ኦጂስ፣ በነፃ ይረዳል። የክሱን ቀን ግን አያስቆምም።

ክሱ የሚቀርበው በምትኖሩበት፣ ሰነዱ ባለበት ወይም በዋሺንግተን ዲሲ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። መክፈቻው 405 ዶላር ነው። መንግሥት በሌሎች ክሶች 60 ቀን ሲኖረው በፎያ ክስ ግን በ30 ቀን መመለስ አለበት። የማስረዳት ሸክሙም የእነሱ ነው፤ ዳኛው የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔ ተቀብሎ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሱ ያየዋል። ጠበቃ ሳይዝ ራሱ የሚከራከር ሰው ቢያሸንፍ የጠበቃ ክፍያ አይታሰብለትም፣ መክፈቻውን ግን ሊያስመልስ ይችላል።

ዜግነት ለሚያሳስባችሁ፦ ፎያ «ማንኛውም ሰው» ይላል፤ ቪዛም ግሪን ካርድም አይጠየቅም። ስለ ራሳችሁ ፋይል የሚሰጠው ሌላው ሕግ፣ የ1974ቱ የግል መረጃ ሕግ፣ ነው ዜጋና ቋሚ ነዋሪ የሚለው።

---

ከተማ ፖሊስ

ለሌላ አንባቢ ይጠቅማልና ልጨምር፦ ሰነዱ በከተማ ወይም በክፍለ ግዛት ፖሊስ እጅ ከሆነ ከላይ ያለው አንዱም አይሠራም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው።

ኒው ዮርክ ላይ ለይግባኝ ያለው 30 ቀን ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በ10 የሥራ ቀን መመለስ አለበት፤ ከዚያ ፍርድ ቤት ለመሄድ 4 ወር አለ። የፖሊሶችን የዲሲፕሊን መዝገብ ይሸፍን የነበረው አንቀጽ 50-ኤ በ2020 ተሽሯል። ካሊፎርኒያ የውስጥ ይግባኝ የላትም፣ ቀጥታ ፍርድ ቤት ነው፤ የምርመራ ፋይል በጥቅሉ ዝግ ቢሆንም ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ፖሊስ ሰው ላይ የተኮሰባቸውና ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ያስከተሉ የኃይል ድርጊቶች መዝገብ ይሰጣል። ቴክሳስ ውስጥ ፖሊስ ራሱ መከልከል አይችልም ማለት ይቻላል፤ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የግዛቱን ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ውሳኔ መጠየቅ አለበት። እስሩን ወይም ወንጀሉን የሚመለከተው መሠረታዊ መረጃ ደግሞ በምርመራ ምክንያት አይያዝም። ቨርጂኒያ የምትሰጠው በዋናነት ለራሷ ነዋሪዎች ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ይህን አጽድቋል። ከሌላ ግዛት ከሆናችሁ እዚያ የሚኖር ሰው ይጠይቅላችሁ።

አንዳንዴ የፌዴራሉ ፋይል ቅጂ በአካባቢው ፖሊስ እጅም ይኖራል። በሁለቱም በኩል አንድ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል፤ አንዱ ያጠቆረውን ሌላው ሳያጠቁረው የሚሰጥበት ጊዜ አለ።