ጌት የምትለዋ ቃል ልታሳብደኝ ነው፣ የገባው ያስረዳኝ

ጀማሪው አስጎብኚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር አስጎብኚነት እየተለማመድኩ ያለሁ ልጅ ነኝ፣ ፈቃድ ገና አልያዝኩም፣ በስራው የቆየ አንድ ወንድሜን ተከትዬ እየዞርኩ ነው የምማረው። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው ብዬ ነበር እኮ። ፋሲል ግቢን በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት ነው የምደግመው፣ አፄ ፋሲል ከተማዋን በፈረንጅ 1636 እንደቆረቆሩ፣ ዩኔስኮ በ1979 እንደመዘገበው፣ የትኛው ግንብ የማን እንደሆነ፣ አንዱንም አልስትም። ችግሩ ፈረንጆቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፣ እኔ ያጠናሁትን እንግሊዝኛ አይናገሩማ! ሁሉ ነገር ጌት ነው። እኔ ደሞ ትምህርት ቤት ጌት ማለት ማግኘት ተብዬ ነው የተማርኩት፣ እሷን ይዤ ገብቼ ተዋረድኩላችሁ።

እንዴት መሰላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ የአንበሳ ቤቱ ጋ ስንደርስ እዚህ ግቢ ውስጥ በፈረንጅ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አንበሳ ይኖር ነበር አልኳቸው፣ ሰውዬው ዓይናቸውን አፍጥጠው "ጌት አውት ኦፍ ሂር!" አሉኝ። ክው አልኩ። ምን አጠፋሁ ብዬ ሶሪ ሰር ብዬ ወደ በሩ መንገድ ጀመርኩ፣ ሴትዮዋ ናቸው በሳቅ እየፈረሱ እጄን ይዘው የመለሱኝ። ከዛ ፋሲል መዋኛ ወረድን፣ ገንዳው ዓመቱን ደርቆ ከርሞ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ እንደሚለቀቅበት ሳስረዳ ሴትዮዋ "አይ ዶንት ጌት ኢት" አሉ፣ እኔ እቃ የጠፋባቸው መስሎኝ ሳር ለሳር መፈለግ ጀመርኩ። ማታ ላይ ደግሞ "ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ፣ ሻል ዊ ጌት ጎይንግ?" አሉኝ፣ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጌት፣ ማን ምን እንዳገኘ እኔ እንጃ።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ብከፍት የጌት ትርጉም ወርዶ ወርዶ አያልቅም፣ መልሼ ዘጋሁት። አንድ መያዣ ነገር ካላችሁ ንገሩኝ በናታችሁ፣ ሽምደዳ ሰልችቶኛል።

ባለባጃጁ፦

ሃሃሃሃ ሳር ለሳር ያልካት ገደለችኝ። ወንድሜ ብቻህን አይደለህም፣ እኔንም ከፒያሳ "ካን ዩ ጌት አስ ቱ ዘ ኤርፖርት ባይ ቱ" ሲሉኝ መጀመሪያ ኤርፖርቱን አምጣልን የሚሉ ነበር የሚመስለኝ፣ ታደርሰናለህ ወይ ማለታቸው እንደሆነ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። እና ባይ ቱ ሲሉህ ደሞ የነሱ ሁለት ሰዓት ነው የኛ ስምንት ሰዓት፣ በዚህ እንኳ ከአንዱ ጋ ክፉኛ ተነጋግሬያለሁ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ጥሩምባ ስነፋ ሰውዬው በፒጃማ ወጣ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ አይዞህ። ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት፣ እና ጥፋቱ የኛ የመምህራን ነው እልሃለሁ፣ ጌት ማለት ማግኘት ብለን ሰሌዳው ላይ ጽፈን ወደሚቀጥለው ቃል እንሄዳለን። ማግኘት አንዷ ፍቺ ናት፣ ያውም ፈረንጅ አፍ ላይ የምትበዛው እሷ አይደለችም።

መጀመሪያ ሰውዬው አላባረሩህም። አንተ ራስህ ጓደኛህ የማይታመን ነገር ሲያወራልህ "ኧረ ሂድ ወዲያ!" አትለውም? ተነስቶ ይሄዳል እንዴ? ያው እሷ ናት። ፊታቸውንና ድምፃቸውን አይተህ ነው የምትለየው፣ ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ያኔ እውነትም ውጣ ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ስማኝ። በአማርኛ መሸ፣ ደከመ፣ ራበ፣ ሰከረ፣ አረጀ፣ ወፈረ የምንላቸው ሁሉ በራሳቸው ግስ ናቸው፣ እየ ብለህ ብትነሳ እየመሸ ነው፣ እየራበኝ ነው ብለህ ትጨርሳለህ። ፈረንጁ ግን እጁ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ቅጽል ነው፣ ዳርክ፣ ታይርድ፣ ሀንግሪ፣ ኦልድ። ቅጽል ብቻውን አይንቀሳቀስም፣ የሚገፋው ይፈልጋል፣ የሚገፋው ጌት ነው። "ኢት ኢዝ ዳርክ" ካለህ መሽቷል፣ አልቋል፣ "ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ" ካለህ ግን እየመሸ ነው። "አይ አም ታይርድ" ደክሞኛል፣ "አይ አም ጌቲንግ ታይርድ" እየደከመኝ ነው፣ "አይ ጎት ታይርድ" ደከመኝ። የአማርኛውን ለውጥ ብቻ አስተውል፣ አንተ ደክሞኛልና እየደከመኝ ነውን ለመለየት መቼም መዝገበ ቃላት አትከፍትም። ለስራህም ይጠቅምሃል፣ እንግዳህ አይ አም ጌቲንግ ታይርድ ካለህ ገና አንድ ግንብ ታሳየዋለህ፣ አይ አም ታይርድ ካለህ ግን ማኪያቶ ፈልግለት።

ሻል ዊ ጌት ጎይንግ እንሂድ እንጂ፣ መንገድ እንጀምር ማለት ነው። እሱም ያው ነው፣ ከመቆም ወደ መሄድ መሻገር።

የማራኪዋ፦

መምህር ያሉት ልክ ነው ግን እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በሌላ መንገድ ነው የያዝኳት፣ ይስቁብኝ ይሆናል። ጌትን አገኘ አትበሉ፣ ገባ በሉ። እስቲ ሞክሩት፣ "አይ ጌት ኢት" ገባኝ፣ "አይ ዶንት ጌት ኢት" አልገባኝም፣ "አይ ጎት ሆም" ቤት ገባሁ፣ "ጌት ኢን" ግባ፣ "ጌት ማሪድ" ማግባት፣ አግባ ራሱ ከገባ ነው የመጣው አይደል? "ዋት ጎት ኢንቱ ሂም" ምን ገብቶበት ነው! እማዬ ወንድሜ ሲያመሽ የምትላት ቃል በቃል እሷ ናት። "ጌት ኢን ትራብል" ጣጣ ውስጥ መግባት። ያኔ ይሄን ሳገኝ ከዶርም ዘልዬ ነው የወጣሁት፣ ልጆቹ ፈተና ያለፍኩ መስሏቸው።

እና ሴትዮዋን ሳሩ ውስጥ ምን ጠፋብሽ ከማለት ገንዳው ዓመቱን ለምን ደረቅ እንደሚሆን ደግመህ ብታስረዳቸው ይበቃ ነበር።

ጀማሪው አስጎብኚ፦

እህቴ ይባርክሽ፣ ይቺ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባች፣ በጌት ማለት ነው። ቆይ ግን ጉንፋን ያዘኝ "አይ ጎት ኤ ኮልድ" ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ይሄስ እንዴት ገባ ይሆናል? ስልኬን ተሰረቅኩ ለማለትስ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንግሊዝኛ አልችልም ብል ይሻለኛል ግን የገባ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። በግዕዝ ገብአ ማለት ተመለሰ ነው፣ ወደ ውስጥ መግባት ቦአ ነው የሚባለው። አማርኛ ነው ገብአን ወስዶ ለመግባት ያደረገው። ስለዚህ ገባም ቢሆን እንደ ጌት ዞሮ ዞሮ ነው እዚህ የደረሰው። ቤት ገባ ስንል እኮ ዝም ብሎ በር መሻገር አይደለም፣ ከዋለበት መመለስም አለበት ውስጡ። ፈረንጆቹ ጌት ባክ ይላሉ አይደል ለመመለስ? እሷን ስሰማ ገብአ ትዝ ትለኛለች።

ጡረተኛው መምህር፦

የማራኪዋ ልጅ አልስቅብሽም፣ ጥሩ ማስታወሻ ነው፣ ግን ማስታወሻ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች አይደሉም። ጌት ከጥንት የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የመጣ ነው፣ ጌታ ከሚል ግስ፣ በኛ ጌታ እንዳትቀይሩት ደሞ። ቫይኪንጎች እንግሊዝ አገር ሰፍረው በነበረ ጊዜ የተወረሰ ነው። ፎርጌት የምትባለዋ መርሳት ዘመዱ ናት፣ መልኳ ራሱ ይናገራል፣ ከእጅ ማምለጥ፣ መልቀቅ ብላችሁ ያዟት። ሪሲቭና ኦብቴን የሚባሉት ግን በፈረንሳይኛ በኩል ኋላ የመጡ ናቸው፣ ለዚህ ነው ጌት የገበያ፣ እነሱ የደብዳቤ ቋንቋ የሚመስሉት። የመመረቂያ ጽሑፍህ ላይ "ዊ ጎት ዘ ዳታ" ብለህ ከጻፍክ አማካሪህ በቀይ ያሰምርበታል፣ ኦብቴንድ በል። ከእንግዳ ጋር እየሄድክ ኦብቴን ካልክ ደግሞ ማመልከቻ የምታነብ ትመስላለህ።

ወደ ጥያቄህ። ጉንፋኑን በገባ አታስገድደው፣ እዚያ ላይ ያዘ ነው የሚሰራልህ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ "አይ ጎት ኤ ታክሲ" ሁለቱም ይሄዳሉ። ስርቆቱ ነው ደስ የሚለው። አማርኛ ብኝ የምትባል ነገር አላት፣ ተሰረቀብኝ፣ ሞተብኝ፣ ዘነበብኝ፣ ጉዳቱ እኔ ላይ እንደወደቀ የምትናገር። እንግሊዝኛ ብኝ የለውም፣ "አይ ጎት ማይ ፎን ስቶለን" ብሎ በጌት ነው የሚያመጣው። ያው አረፍተ ነገር ግን ሰውየው ሆን ብሎ ያሰራውም ሊሆን ይችላል፣ "አይ ጎት ማይ ሹዝ ሪፔርድ" ሲል ጫማዬን አሰፋሁ ነው፣ "አይ ጎት ማይ ሄር ከት" ፀጉሬን ተቆረጥኩ። እኛ አስ ብለን የምንፈታውን፣ አስጠገንኩ፣ አስቀባሁ፣ እሱ በጌት ያደርገዋል። ብኝም አስም በአንድ ቅርጽ! ልዩነቱን የሚነግርህ ጤነኛ አእምሮህ ብቻ ነው፣ ስልኩን ከፍሎ የሚያሰርቅ የለም።

ባለባጃጁ፦

መምህር ይቅርታ ግን ስልኩን ከፍሎ የሚያሰርቅ የለም ያሉት እኔ ሰፈር አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ይቆይ። እኔ የምለው ለምንድነው ባስ ሲሆን ጌት ኦን፣ ባጃጅ ሲሆን ጌት ኢን የሚሉት?

የማራኪዋ፦

ይሄን እኔ ልመልስ። ቆመህ የምትራመድበት ከሆነ ኦን ነው፣ ባስ፣ አውሮፕላን፣ ባቡር። ጎንበስ ብለህ ገብተህ የምትቀመጥበት ኢን ነው፣ ታክሲ፣ ያንተ ባጃጅ። ፈረስና ሳይክል ላይ ከላይ ስለምትወጣ ኦን። ስትወርድም በዛው ነው፣ ከባስ ጌት ኦፍ፣ ከባጃጅ ጌት አውት። ስለዚህ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ አይ ዋንት ቱ ጌት አውት ሂር ያለህ ሰው እየተሳደበ ሳይሆን ወራጅ አለ እያለህ ነው።

ጀማሪው አስጎብኚ፦

እሺ እኔ ዛሬ ራሴ ልሞክር ብዬ ስለ ወንድሜ ሰርግ ለአንዷ እንግዳ "ሂ ጎት ማሪድ ዊዝ ኤ ገርል ፍሮም ደባርቅ" አልኳት፣ ኮራሁ። እሷ ግን ፊቷ ትንሽ ጥያቄ ያለው መሰለኝ።

ጡረተኛው መምህር፦

ዊዝ ነው ያጣመመህ፣ ከእገሊት ጋር ተጋባ የምትለዋን ወስደህ ነው። ጌት ማሪድ ቱ በል። እዚህ ሁላችንም እንወድቃለን፣ ዲግሪ ያለውም ይወድቃል። ሌላ ብዙ ሰው የሚስታት፣ ጌት ቱ ጎንደር ትላለህ ግን ጌት ቱ ሆም፣ ጌት ቱ ሂር አይባልም፣ ሆምና ሂር ቱን አይወዱም።

የሰሜን ተራሮች ልጅ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ እኔ በቅሎ ይዤ ከእንግዶች ጋ ተራራ ነው የምውለው፣ ትምህርቴም ብዙ አይደለም፣ ግን ጆሮ ለጆሮ የለመድኩትን ልንገርህ። አሜሪካኖቹ ጌት ኢት አይሉም፣ ጌዲት ነው የሚሉት፣ ቲዋን ወደ ዲ ያስጠጓታል። አይ ጋታ ጎ ሲሉህ መሄድ አለብኝ ነው። ሃቭ ጎትን የሚሉም እነሱ ናቸው፣ እንግሊዞቹ ሃቭ ጎት ብለው ያቆማሉ። እና ከፍታው ሲያስቸግራቸው "ዩ ዊል ጌት ዩዝድ ቱ ኢት" በላቸው፣ ትለምዱታላችሁ ማለት ነው፣ በጣም ነው የሚያረጋጋቸው። ኑሮ እንዴት ነው ካሉህ ደሞ "ዊ አር ጌቲንግ ባይ"፣ እየገፋን ነው። ይቺን ካልክ ጉርሻው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ምስጢር ነው።

ጀማሪው አስጎብኚ፦

ወንድሜ ይቺን ለነገ አስቀመጥኳት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ መምህርንማ ምን ልበል፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ። ዛሬ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት እያሳየሁ አንዱን እንግዳ ደፍሬ ጠየቅኩት፣ ለምንድነው ለሁሉም ነገር ጌት የምትሉት አልኩት። ቆሞ አሰበ አሰበና ሳቀ፣ "ዩ ጎት ሚ ዜር" አለኝ። ገባህልኝ ነው? ያዝከኝ ነው? ምንድነው ያለኝ?

ጡረተኛው መምህር፦

መልስ አጣሁልህ ማለቱ ነው ልጄ። ረትተኸዋል።

ባለባጃጁ፦

ሂድ ወዲያ!