ተጓዥ ሙዚቃዊ ቴአትር ደሴ ሊመጣ ነው፤ የስብሰባ አዳራሹን እንዴት እናሰናዳው?

ጦሳ_ሥር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንድ ተጓዥ ቡድን ከቆየ የቤተሰብ ፊልም ወደ መድረክ የተመለሰ ሙዚቃዊ ቴአትር ይዞ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ጊዜው ጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ። አስተናጋጆቹ የትምህርት ቤቶች የኪነ ጥበብ ክበባት ናቸው። ታዳሚው 350 ሲሆን አብዛኛው ከ6 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ ነው፤ ከኮምቦልቻም ሁለት አውቶቡስ ይመጣል።

አዳራሹ ለስብሰባ እንጂ ለቴአትር የተሠራ አይደለም። ወርዱ 14፣ ርዝመቱ 24 ሜትር፤ ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መድረኩ 8 በ5 ሜትር፣ ከፍታው 90 ሳንቲ ሜትር። ቡድኑ የላከው ዝርዝር፦ 18 ተዋንያን፣ 10 ገመድ አልባ ማይክ፣ ባለ 1,000 ዋት 8 ሃሎጅን፣ ባለ 150 ዋት 16 ኤልኢዲ መብራት፤ ሙዚቃው ከላፕቶፕ፣ ዘፈኑ ግን በቀጥታ። ፕሮጀክተርም ጠይቀዋል።

ኮሚቴው ከበጀቱ አብዛኛውን ለባነርና ለመግቢያ ጌጥ መድቧል። እውነት ከዚያ ነው የሚጀመረው? ብዙ ጊዜ የሚበላሸውስ የቱ ላይ ነው?

ሚክሰር_ቤት

ባነሩን ለጊዜው ተዉት፤ ገንዘቡ ድምፅና መብራት ኃይል ላይ ይዋል። ፊልም ላይ ካሜራው ወደ ገጸ ባሕርዩ ፊት ተጠግቶ ሐዘኑን ያሳያል፤ ቃሉ ባይሰማ እንኳ ልጁ ከፊቱ ይረዳል። መድረክ ላይ ያ የለም። ታሪኩን ወደ ፊት የሚገፋው የዘፈኑ ግጥም ነው። ግጥሙ ካልተሰማ 18ኛው ረድፍ ላይ ያለ ልጅ ያየው ጭፈራ ብቻ ነው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከጎኑ ካለው ጋር ወሬ ይጀምራል።

መጀመሪያ ኃይሉን እንደምር። ሃሎጅኑ 8,000 ዋት፣ ኤልኢዲው 2,400፤ ስፒከር፣ ሚክሰር፣ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ተደምረው 2,600 ገደማ ያዙላቸው። ጠቅላላው 13,000 ዋት፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 59 አምፔር ነው። ይህን ሁሉ አንድ ፌዝ (አንድ የኃይል መስመር) ላይ ብትሰኩት ባለ 32 ወይም ባለ 40 አምፔር ብሬከር ይወርዳል፤ የሚወርደውም ሁሉም መብራት በአንድ ላይ በሚበራበት በትልቁ ዘፈን መሐል ነው። ቆጣሪው ባለ ሦስት ፌዝ መሆኑን አይታችሁ እንዲህ ክፈሉት፦ አንደኛው ላይ አራት ሃሎጅን (18 አምፔር)፣ ሁለተኛው ላይ የቀሩት አራት ሃሎጅንና ኤልኢዲው በሙሉ (29 አምፔር)፣ ሦስተኛው ለድምፅና ለፕሮጀክተር ብቻ። የሃሎጅን ዲመር (ብርሃን ማደብዘዣ) ከድምፁ ጋር አንድ መስመር ላይ ከዋለ ስፒከሩ ውስጥ «ዝዝዝ» የሚል ነገር ይገባል፤ ያንን ሚክሰር ላይ ቆሞ ማጥፋት አይቻልም። የድምፅ ዕቃው በሙሉ ደግሞ ከአንድ ምንጭ ይሳብ። ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ ስፒከሩ ከሌላ ፌዝ ሲሆን የምድር መስመሩ «ሁም» የሚል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ያመጣል።

ኬብሉን አትናቁ። በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ 30 ሜትር ርቀት 16 አምፔር ስትስቡ 7 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ለመብራቱ ዋና መስመር 6 ካሬ ይሁን። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ካለ በሙሉ ተዘርግቶ ይሠራ፤ ጥቅል እንዳለ ከተጫነ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል።

ጄኔሬተር ስትከራዩ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን አስቡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። «20 ኬቪኤ» (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ) የተባለው ወደ ኪሎ ዋት ለመቀየር በ0.8 ሲባዛ 16 ኪሎ ዋት፣ ከዚያ ሩቡ ከፍታው ሲወስደው 12 ይቀራል። የእናንተ ጭነት 13 ነው፤ አይችለውም። 30 ኬቪኤ ብትይዙ 18 ኪሎ ዋት ይቀርላችኋል፤ ይበቃል። ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ቅናሹ ያነሰ ነበር። ሚክሰሩንና ላፕቶፑን በአንድ ኬቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ አድርጓቸው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዲጂታል ሚክሰር እንደገና ለመነሳት ደቂቃ ይፈጃል፤ ልጆች ደግሞ ጨለማ ውስጥ ደቂቃ አይጠብቁም።

ማይክ ላይ ስመጣ፣ 18 ተዋናይ በ10 ማይክ ማለት ቅብብሎሽ አለ ማለት ነው። ማን፣ ከየትኛው ትዕይንት በኋላ፣ ማይኩን ለማን እንደሚሰጥ የተጻፈ ሠንጠረዥ ከቡድኑ ጠይቁ፤ አንዱ ቅጂ መድረክ ጀርባ ይለጠፍ፣ አንዱ ሚክሰሩ ጋ ይቀመጥ። ሠንጠረዥ የሌለው ቡድን ሁሉንም ማይክ ክፍት ትቶ ነው የሚሠራው፤ ክፍት ማይክ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ስፒከሩ መፉጨት ሳይጀምር ያለው የድምፅ አቅም በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ንግግር የሌለው ሰው ማይክ ይዘጋ። ባትሪ ለእያንዳንዱ ትርዒት አዲስ አልካላይን፤ «ግማሽ አለው» የሚባል ባትሪ የለም። ላብ የማይኩን ጫፍ ስለሚዘጋው ሁለት ትርፍ ይኑር። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ርካሽ ማይክ ከ350 ሰው ስልክና ከዋይፋይ ጋር ስለሚጋፋ ይቆራረጣል፤ ዩኤችኤፍ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ላይ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

ሞንታርቦ ሁለት ብቻ ፊት ላይ ከሆነ የኋላው ልጅ እንዲሰማ ሲባል የፊቱ ልጅ ጆሮ ይደነቁራል። ሌላ ጥንድ 12 ሜትር ላይ፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ አቁሙ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ስለሚጓዝ የኋለኛው ጥንድ በ35 ሚሊ ሴኮንድ ይዘግይ፤ 10 ያህል ጨምሩበት፣ ቃሉ ከመድረኩ የመጣ ይመስላል። ሳታዘገዩ ከተዋችሁት እያንዳንዱ ቃል ሁለቴ ይሰማል።

መጋረጃ_ጀርባ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ተዘሏል። ልስን ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ባለበት አዳራሽ የፈለገውን ስፒከር ብታመጡ ቃሉ ይጨማለቃል። ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለው የኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ተወጥሮ ሳይሆን እጥፋት ኖሮት፣ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ያህል ወጣ ብሎ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ ለዓይን ካልሆነ ለጆሮ ምንም አይሠራም። ለባነር የተያዘው ብር እዚህ ቢገባ ይሻላል።

ወሩ ጥቅምት መሆኑ ሸጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቢሆን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ማንንም ማይክ ይበልጠዋል፤ በልግ ሲዘንብም እንዲሁ።

አሁን ልኬቱን ለቡድኑ ላኩ። የመድረኩን 8 በ5 ብቻ አይደለም፦ የበሩን ወርድና ቁመት፣ ከመድረኩ እስከ ጣሪያ፣ በመድረኩ ጎን ተዋናይ የሚቆምበት ቦታ ስንት እንደሆነ፣ ሶኬቶቹ የት እንዳሉ፣ መኪና እስከ በር መድረስ አለመድረሱን። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ሜትር ጻፉበት። ዲኮሩ 1.22 በ2.44 ከሆነው ኮምፔንሳቶ ተሠርቶ ከሆነ 2 ሜትር ከፍታ ባለው በር ቆሞ አይገባም። በሩ ላይ ደርሶ የሚቆረጥ ዲኮር ከማየት የከፋ ነገር የለም።

ከ8 ሜትሩ ላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሜትር ተኩል በጥቁር ጨርቅ ከልሉ። የሚታየው መድረክ 5 ሜትር ይሆናል። ጠበበ ብላችሁ አትዘኑ፤ መግቢያና መውጫ የሌለው ሙዚቃዊ ቴአትር መሄድ አይችልም፣ ፈጣን ልብስ ለውጡም እዚያው ነው። 18 ሰው በአንድ ላይ የሚጨፍርበት ትዕይንት ካለ መሪው በሁለት ረድፍ ያሰልፋቸው፤ ይህን ቀድመው ካላወቁ እዚህ ደርሰው ይጋጫሉ።

ዲኮሩ ከኋላው ሰያፍ ድጋፍና ከ15 እስከ 20 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ይኑረው። ከጣሪያው ብረት ላይ ምንም ነገር፣ በተለይ ሰው፣ እንዳይንጠለጠል። ፊልሙ ላይ የሚበር ገጸ ባሕርይ ካለ ቡድኑ በሌላ ዘዴ ያሳየው፤ የስብሰባ አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ እንዲሸከም ነው የተሠራው።

ፕሮጀክተሩ ላይ እኔ ባይኖር እመርጣለሁ። 3,000 ሉመን ያለው የቢሮ ፕሮጀክተር 16 ኤልኢዲ ሲበራ ሥዕሉ ይጠፋል። ካልቀረ 5,000 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ የርቀቱና የሥዕሉ ስፋት ሬሾ 1.5 ከሆነ 4 ሜትር ስፋት ላለው ሥዕል 6 ሜትር ርቀት ይፈልጋል። ከመካከል ሳይሆን ከፍ ካለ ቦታ አቁሙት፣ አለዚያ የተዋናዩ ጥላ ሰማዩ ላይ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጣርማበር ጉም፣ ሐረጎ ደግሞ ዳገት አለ፤ የጫነ መኪና በዚያው ዕለት ደርሶ በዚያው ዕለት ትርዒት አይሆንም። ዕቃው ዓርብ ከቀትር በፊት ይግባ። ማቆም፣ ሽቦ መዘርጋትና መብራት ማነጣጠር ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ቅዳሜ ጠዋት የድምፅ ፍተሻና ከልብስ ጋር ሙሉ ልምምድ።

የክበብ_እናት

መምህር፣ ድምፁን እነሱ ይዘውታል፤ ስለ ልጆቹ እኔ ልበል።

ሰዓቱን 7፡30 አድርጉት። የዙህር ሶላት ያበቃል፤ ከነእረፍቱ 1 ሰዓት ከ45 ቢፈጅ 9፡15 ላይ ትወጣላችሁ፣ የአስር ሶላት ከመድረሱ በፊት። የኮምቦልቻዎቹም ሳይመሽ ሐረጎን ይወርዳሉ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በልጅ ለተሞላ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ያዙ።

ቡድኑን ስለ ርዝመቱ ጠይቁ። መድረክ ላይ ሲወጣ ፊልሙ ይረዝማል። የ1994ቱ «ላየን ኪንግ» ፊልም 88 ደቂቃ ያህል ነበር፤ በ1997 ወደ መድረክ ሲመጣ አዳዲስ ዘፈን ተጨምሮበት ከነእረፍቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። ለ6 ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ነው። ከ90 ደቂቃ ካለፈ እረፍት የግድ ነው።

የእረፍቱ ርዝመት በመጸዳጃ ቤት ይወሰናል እንጂ በፕሮግራም መሪ አይደለም። ከ350ው 140 ልጅ ቢነሳና 4 መጸዳጃ ቢኖር፣ ለአንዱ 35 ልጅ ይደርሳል፤ በነፍስ ወከፍ 40 ሴኮንድ ቢወስድ እንኳ 23 ደቂቃ። ስለዚህ ወይ 25 ደቂቃ መድቡ፣ ወይ ከመጀመሩ በፊት በክፍል በክፍል አስገቧቸው። ሁለተኛው ይሻላል፤ ረጅም እረፍት ያየ ልጅ ወደ ወንበሩ ለመመለስ ይቸግረዋል።

አቀማመጡ በትምህርት ቤት ሳይሆን በቁመት ይሁን። ትናንሾቹ ፊት፤ ግን የመጀመሪያው ረድፍ ከመድረኩ 2 ሜትር ይራቅ፣ 90 ሳንቲ ከፍታ ያለው መድረክ ሥር የተቀመጠ ልጅ የሚያየው ጫማ ነው። ለ10 ልጅ አንድ አዋቂ፣ አዋቂው በረድፉ ጫፍ ይቀመጥ፣ መሐል ከገባ ከኋላው ያለው አያይም። አዳራሹ በአንዴ ድርግም እንዳይል፤ በ10 ሴኮንድ ቀስ እያለ ይደብዝዝ፤ የመተላለፊያው ትንሽ መብራትና የመውጫ በሮቹ እንደተከፈቱ ይሁኑ። የጭስ ማሽን አስም ያለበትን ልጅ ስለሚያስቸግር ቡድኑ ከያዘ ለወላጅ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ከአንድ ሳምንት በፊት ታሪኩን በአንድ ገጽ ለመምህራን በትኑ። ታሪኩ የእንስሳት ከሆነ፣ ፊልሙን ያየ ልጅ «እንስሳው እውነተኛ አይደለም» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል፤ ሰውየው ጭንብሉን ይዞ ሲንቀሳቀስ መታየቱ ሆን ተብሎ እንደሆነ ቀድሞ ይነገረው። የአንድ ዘፈን አዝማችም ክፍል ውስጥ ይለማመዱ። ለነገሩ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን አገር ልጅ ጭብጨባ አይማርም፤ ተዋንያኑ ናቸው ከዘፈን በኋላ 5 ሴኮንድ ሳይናገሩ መቆየትን መልመድ ያለባቸው። ቶሎ ከተናገሩ ቃሉ በጭብጨባው ይዋጣል።

ቧንቧ_ውሃ

ማንም ያላነሳው፦ ፈቃድ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ መልክ መመለስም ሆነ ለሕዝብ ማቅረብ የመብት ባለቤቱ ፈቃድ ይፈልጋል። የፊልሙ ባለቤትና የዘፈኑ ባለቤት የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ቡድኑን ለሁለቱም የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁት፤ ቅጂውን ፋይል አድርጉ። ፖስተራችሁ ላይ የፊልሙን ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አትለጥፉ፤ ቡድኑ የላከውን ተጠቀሙ። በስልክ መቅረጽ ይፈቀድ እንደሆነም እዚያው ይጠየቅ።

ጦሳ_ሥር

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሁሉንም ለኮሚቴው አትሜ እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪው አለ፣ ጄኔሬተሩ ግን እዚህ በእጃችን ያለው 15 ኬቪኤ ነው። 30 ለመከራየት በጀቱ አልደረሰም። ትርዒቱን ልንሰርዝ ነው?

ሚክሰር_ቤት

አብሽር፣ አይሰረዝም። 15 በ0.8፣ 12 ኪሎ ዋት፤ ከፍታው ሩቡን ሲወስድ 9 ይቀራል፤ ከዚያ 80 በመቶውን ብቻ ጫኑ፣ 7.2። ኤልኢዲው 2.4፣ ድምፅና ፕሮጀክተሩ 2.6፣ ድምሩ 5። ሃሎጅኑ ጄኔሬተር ላይ አይግባ። መብራት ካለ ሁሉም ይሠራል፤ ከሄደ ሃሎጅኑ ጠፍቶ በኤልኢዲው ይቀጥላል። ለዚህ የመብራት ባለሙያው ሁለት የመብራት ዝግጅት አስቀድሞ የመብራት መቆጣጠሪያው ላይ ይያዝ፣ አንዱ ከሃሎጅን ጋር፣ አንዱ ያለ ሃሎጅን። ከመብራት ኃይል ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረውን ማስተላለፊያ ስዊች የሚገጥመው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን፤ ጄኔሬተሩን በተራ ሶኬት በኩል ወደ አዳራሹ መስመር መመለስ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይገድላል። ሙከራውን ቅዳሜ ጠዋት፣ ልምምዱ መሐል ላይ፣ ዋናውን ብሬከር አውርዳችሁ አድርጉት። ነዳጅ ስለ መሙላቱ ደግሞ ስሙን ጽፎ የሚፈርም አንድ ሰው መድቡ።

መጋረጃ_ጀርባ

ጄኔሬተሩን ከአዳራሹ ቢያንስ 20 ሜትር፣ መስኮት በሌለበት ጎን አቁሙት። ለዚያ ርቀት የሚሆነውን 6 ካሬ ኬብል ዛሬውኑ ለኩና ፈልጉ።