ትልቅ የዲስክ ማረሻን ለማሴ ፈርጉሰን 35 ማስማማት

የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ፣ ከሞረትና ጅሩ ነው። ያለኝ ትራክተር ባለ ሦስት ሲሊንደር ናፍጣ ማሴ ፈርጉሰን 35 ነው፤ ጉልበቱ ወደ 37 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። አሮጌ ቢሆንም ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ሃይድሮሊኩም ዘይት አያፈስም። የገዛሁት ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ግን ለትልቅ ትራክተር የተሠራ ነው።

ማረሻው ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝባቸው የታችኞቹ ፒኖች 28 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ የእኔ ማንሻ ክንዶች ቀዳዳ 22 ነው። ይህን ቶርኖ ቤት ወስጄ ፒኖቹን በማስቀነስ ፈታሁት። ያልተፈታው ስፋቱ ነው፦ በማረሻው ሁለት ፒኖች መካከል ያለው ርቀት 82 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለ68 የተሠሩት ክንዶች ወደ ውጭ ተለጥጠው የኋላውን ጎማ ይፈትጋሉ። ክብደቱም አለ። ማረሻው ሲነሣ የፊት ጎማዎች መሬት ስለሚለቁ መሪው አይታዘዝም። ከፊት የብረት ክብደት ብጨምር ትንሽ ተሻለ። የመጨረሻውን ዲስክ ባወልቅ ቀለለ፤ ነገር ግን ማረሻው ወደ ጎን ይጎትታል፣ ምናልባት የኋላው የቦይ ጎማ (በታረሰው ቦይ ውስጥ እየሄደ ማረሻውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው) ቦታው ስላልተቀየረ ይመስለኛል።

መሬታችን መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ የሚታረስበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ብረት ከመቁረጤ በፊት ይህን ሥራ የሠራችሁ ብትመክሩኝ፦ ፒኖቹን ወደ 68 ሳንቲ ሜትር ሳቀራርብ፣ በሁለት ዲስክ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የኋላውን የቦይ ጎማ ወዴትና ምን ያህል ላዛውረው?