የእንፋሎት ሞተርን ታሪክ በፊዚክስ ሕግ ማስላት ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጣኔ ሀብት ታሪክ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የእንፋሎት ሞተር በብሪታንያ ኢኮኖሚ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ በቴርሞዳይናሚክስ (ሙቀት ወደ ሥራ ስለሚለወጥበት መንገድ በሚያጠናው የፊዚክስ ዘርፍ) ሕግ ለማስላት የሚሞክር ነው። ሞተሩ ከአንድ ኩንታል የድንጋይ ከሰል የሚያወጣው ሥራ ባደገ ቁጥር የሚቃጠለው ከሰል ይቀንሳል ብዬ ነበር የተነሣሁት። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል፤ ሞተሮቹ ቆጣቢ እየሆኑ ሲሄዱ የአገሪቱ የከሰል ፍጆታ እየጨመረ ሄደ። ስህተቴ ከሕጉ ምርጫ ነው ወይስ ከአጠቃቀሜ?

መልስ 1፦
ሕጉ ትክክል ነው፤ እርስዎ የጠየቁት ግን እሱ የማይመልሰውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1712 እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን በተከለው የእንፋሎት ሞተር ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንመልከት። እንፋሎት ሲሊንደሩን ይሞላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭበት ተመልሶ ውሃ ይሆንና አየር አልባ ክፍተት ይፈጥራል፤ የውጭው አየር ግፊትም ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ችግሩ በእያንዳንዱ ምት ሲሊንደሩም አብሮ ስለሚቀዘቅዝ እንደገና መሞቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ከከሰሉ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከመቶ አንድ ያህል እንኳ አይሞላም ነበር። ጄምስ ዋት በ1769 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ እንፋሎቱን በሌላ ዕቃ ውስጥ በማቀዝቀዝ ሲሊንደሩን ሁልጊዜ ትኩስ አድርጎ ያቆየዋል። ከሙቀቱ ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችለውን የማይታለፍ ጣሪያ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ ያሳየው ግን በ1824 ነው፤ ማሽኑ ሳይንሱን ቀድሞታል። እንፋሎቱ 100፣ ማቀዝቀዣው 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ የቱንም ያህል የተካነ መሐንዲስ ከመቶ 19 ገደማ በላይ ሊያወጣ አይችልም፤ በከፍተኛ ግፊት እንፋሎቱን 180 ካደረሱት ጣሪያው ወደ 33 ከፍ ይላል። ፊዚክስ መንገዱ ወዴት ክፍት እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ማን በስንት ዋጋ እንደሚሄድበት ግን አይነግርዎትም።

መልስ 2፦
ዋጋው ላይ ልጨምር። በከሰል ማውጫዎች አፍ ላይ ገበያ የማያነሣው ደቃቅ ከሰል በነጻ የሚገኝ ያህል ስለነበር አባካኙ የኒውኮመን ሞተር ከዋት በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በኮርንዋል የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን ማውጫዎች ግን ከሰሉ ከዌልስ በመርከብ ይመጣ ስለነበር እያንዳንዱ ኩንታል ይቆጠር ነበር። ዋትና የንግድ ሸሪኩ ቦልተን እዚያ ያስከፍሉ የነበረው ከአሮጌው ሞተር አንጻር ከተቆጠበው ከሰል ዋጋ ሲሶውን ነው። እኔ ይህን ውል ከማንኛውም ቀመር አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም የሙቀት ሕግና የገበያ ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ የተገናኙበት ነው። ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ብቃቱ፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል ከሰል የሚወጣው ሥራ፣ አራት እጥፍ ሲሆን ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚወጣው የነዳጅ ወጪ ሩብ ይሆናል፤ ርካሽነቱ የሥራውን ፍላጎት ከአራት እጥፍ በላይ ካሳደገው ጠቅላላው የከሰል ፍጆታ ይጨምራል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጄቮንስ በ1865 የተከራከረው ይህንኑ ነው። በሞዴልዎ ውስጥ የጎደለው ፍላጎት ለዋጋ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

መልስ 3፦
አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ሕግን በቀጥታ መጠቀምና የሕግን መልክ መዋስ አንድ አይደሉም። የካርኖ ጣሪያ በሙቀት ለሚንቀሳቀስ ለየትኛውም ሞተር ይሠራል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቲንበርገን በ1962 ለንግድ የተጠቀመበት የስበት ቀመር (የሁለት አገሮች ንግድ በኢኮኖሚያቸው ትልቅነት ያድጋል፣ በርቀታቸው ይቀንሳል የሚለው) ግን ምሳሌነት ብቻ ነው ያለው፤ ኒውተን በስበት ሕጉ የሚያካፍለው ርቀትን በራሱ አባዝቶ (በሁለት አርቢ) ነው፣ በንግድ መረጃ ላይ ግን የርቀቱ አርቢ ወደ አንድ ይጠጋል። ርቀቱ ራሱም ቢሆን ቋሚ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የካርታው ኪሎ ሜትር አልተለወጠም፤ ለሲራራ ነጋዴ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ግን በቀናት የሚቆጠር ሆነ። ስለዚህ በቀመሩ ውስጥ በኪሎ ሜትር ፋንታ የማጓጓዣ ወጪ ያስገቡ።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ብሪታንያን እንደ አንድ ገበያ መቁጠሬ አሳስቶኛል። ኮርንዋልንና የከሰል ማውጫ አካባቢዎችን ለየብቻ አሰላለሁ፤ የካርኖን ጣሪያ እንደ ወሰን ብቻ አስቀምጬ የከሰል ዋጋን ከነማጓጓዣው ከየቦታው መዛግብት እሰበስባለሁ።