ጥቆማ፦ ለኢላማም ለመታጠቅም የሚሆን ሽጉጥ (ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ኢላማ ለመተኮስም፣ ፈቃዱን ሳወጣ በልብስ ስር ለመታጠቅም የሚሆን አንድ ሽጉጥ መግዛት እፈልጋለሁ። ከነዕቃዎቹ 1000 ዶላር መድቤያለሁ። ባለቤቴም ትለማመድበታለች፤ እጇ ትንሽ ነው። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ሁለቱ ሥራዎች የሚጠይቁት ተቃራኒ ነገር ነው። ኢላማ ላይ ከበድና ረዘም ያለ ሽጉጥ ይረዳል፤ ክብደቱ ምቱን ይውጠዋል፣ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው በተራራቀ መጠን ደግሞ ስህተትህ ቶሎ ይታይሃል። ታጥቀህ ስትውል ግን ያው ክብደት ሱሪህን ይጎትታል፣ እጀታው በሸሚዝህ ላይ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ብቻ ከሆነ የምትገዛው መካከለኛውን መጠን ያዝ። የእኔ ምርጫ ግሎክ 19 ነው፤ አፈሙዙ 4 ኢንች፣ ካዝናው 15 ጥይት፣ ከነባዶ ካዝናው 670 ግራም ገደማ። 9 ሚሊሜትር ስለሆነ ጥይቱ የትም ይገኛል፤ ሆልስተር (የሽጉጥ ማኅደር) እና መለዋወጫም አይቸግርህም።

ሲግ ሳወር ፒ365 በ2018 ሲወጣ በዚያች ትንሽ አካል 10 ጥይት በመያዙ ገበያውን ለውጦታል። አፈሙዙ 3.1 ኢንች፣ ክብደቱ 500 ግራም ገደማ ነው። ለመታጠቅ ከግሎክ 19 እንደሚሻል አልከራከርም። የሚያስቸግረው ልምምዱ ላይ ነው። ትንሽ ሽጉጥ እጅን ስለሚመታ፣ ሁለተኛው የ50 ጥይት ሣጥን ላይ ስትደርስ እጅህ ምቱን እየጠበቀ ከተኩሱ በፊት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የቀኝ እጅ ተኳሽ ከሆንክ ጥይቱ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳል። ማነጣጠሪያውን በማስተካከል አይድንም። መድኃኒቱ ካዝናው ውስጥ ሁለት ሦስት የልምምድ ፍሬ (ባሩድ የሌለው ፕላስቲክ) ቀላቅሎ መተኮስ ነው፤ ቃታው ተስቦ ሳይተኩስ ሲቀር አፈሙዙ ወደ ታች ዘለቅ ካለ ጥፋቱን በዓይንህ ታየዋለህ።

ትንንሾቹ ላይ የሚመጣ ሌላ ጣጣም አለ። የእጅህ አንጓ ከላላ ስላይዱ (በየተኩሱ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የሽጉጡ ላይኛ ክፍል) ሙሉ መንገዱን ሳይሄድ ይመለስና ቀለሃው መውጫው ላይ ይነከሳል። አውራ ጣትህ የስላይድ ማቆሚያው ላይ ካረፈ ደግሞ ጥይቱ ሲያልቅ ስላይዱ ተከፍቶ አይቆምም። ሰው ወዲያው ሽጉጡን ያማል፤ ብዙውን ጊዜ አያያዙ ነው።

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስ (2021፣ ባለ 10 እና ባለ 13 ካዝና) የፒ365 ተፎካካሪ ነው፤ ቃታውም ጥሩ ነው፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ረከስ ይላል። ባለ 5 ጥይቱን ትንሽ ሪቮልቨር (ባለ ተሽከርካሪ ጎማ ሽጉጥ)፣ ለምሳሌ የስሚዝን 642፣ «አይነክስም፣ ለጀማሪ ይቀላል» ብለው ይሸጡልሃል። 400 ግራም ገደማ ነው፣ ቃታው ረጅምና ከባድ፣ ማነጣጠሪያው ጠባብ። ልምድ ላለው ሰው ነው የሚሆነው፤ ለጀማሪ አልመክርም።

ገንዘቡን በግምት እንዲህ ከፋፍለው፦ ሽጉጥ 550፣ ሆልስተርና ጠንካራ ቀበቶ 130፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን 80፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ 50፣ ቀሪው ጥይት። ቀበቶውን አትናቀው፤ ተራ ቀበቶ ላይ ሽጉጡ ይንጠለጠላል። ሆልስተሩ ከካይዴክስ (ጠንካራ ፕላስቲክ) የተሠራ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ የማይጨማደድ ይሁን። ግሎክ 19 በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። ለስላሳ የጨርቅ ሆልስተር ታጥፎ፣ ወይም የጃኬት ገመድ ገብቶ ቃታውን ከሳበው ይተኩሳል፤ ሰው ጭኑን የሚመታው ብዙውን ጊዜ ሲያወጣ ሳይሆን ሲመልስ ነው። በዓይንህ እያየህ፣ ቀስ ብለህ መልስ።

ከመግዛትህ በፊት ተከራይተህ ሞክር። ማናሳስ ያለው ኢሊት ሹቲንግ ስፖርትስ ሽጉጥ ያከራያል። ግሎክ 19ንና ፒ365ን ተከራይና በእያንዳንዱ 50 ጥይት በ7 ያርድ ተኩስ፤ የመጀመሪያዎቹን 10 እና የመጨረሻዎቹን 10 በተለያየ ወረቀት ላይ አድርግና አወዳድር። የመጨረሻዎቹ ተበታትነው ከታዩህ ያ ሽጉጥ ለልምምድ አይሆንህም። የራስህን ጥይት ከወሰድክ ማግኔት ይስብ እንደሆነ አይተህ ሂድ፤ በጣሪያ ስር ያሉ ብዙ መተኮሻዎች ብረት ያለበትን ጥይት ይመልሳሉ።

መልስ 2፦ በግሎክ 19 እስማማለሁ፤ ለባለቤትህ ግን አንተ አትምረጥላት። እጀታው ላይ እጇን ስታሳርፍ የአመልካች ጣቷ የመጀመሪያ አንጓ፣ እጇ ሳይዞር ቃታው ላይ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ያ ሽጉጥ ሰፍቷታል፣ ሥልጠና አያስተካክለውም። ስላይድ መሳብ ከከበዳት መጀመሪያ ዘዴውን ትሞክር፦ ሽጉጡን ደረቷ አጠገብ ታምጣ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደሆነ በግራ መዳፏ ስላይዱን ከላይ ጨብጣ ታቆመው፣ ከዚያ በቀኝ እጇ እጀታውን ወደ ፊት ትግፋ። በጣቶች ቆንጥጦ ወደ ኋላ ከመጎተት ይህ በጣም ይቀላል። እሱም ካልሆነ የስሚዝ ሺልድ ኢዜድ አለ፤ 8 ጥይት፣ ሞላው ለስላሳ። የእጀታ ሴፍቲ ስላለው በደንብ ካልተጨበጠ እንደማይተኩስ ትወቅ።

ለመማር ግን ከሁሉም 22 ካሊበር ይበልጣል። ሩገር ማርክ 4 (2016) ከኋላው ያለውን አንድ ቁልፍ ስትጫን ለጽዳት ይከፈታል፤ የድሮዎቹን ፈትቶ መግጠም ፈተና ነበር። ምት የለውም ማለት ይቻላል፣ የጥይቱም ዋጋ የ9 ሚሊሜትሩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በጣም ርካሹን ጥይት አትግዙ፤ 40 ግሬን (የእርሳሱ ክብደት መለኪያ) የሲሲአይ ሚኒማግ አስተማማኝ ነው። 22 ከሌሎቹ በላይ ይከሽፋል። ሲከሽፍ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሱ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ አውጡት። ድምፁ ደከም ብሎ «ጭስ» ካለ ደግሞ እርሳሱ (ከጥይቱ ተፈትልኮ የሚወጣው ጫፍ) አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ሳታረጋግጡ ሌላ አትተኩሱ።

ለመታጠቂያ ፌዴራል ኤችኤስቲ ወይም ስፒር ጎልድ ዶት 124 ግሬን ያዝ፤ ቢያንስ 50 ያህሉን በራስህ ሽጉጥ ተኩሰህ ሳይነክስ እለፍ። አንዱን ጥይት በየማታው እያወጡ በየጠዋቱ ደግሞ ማቀባበል መጥፎ ልማድ ነው፤ እርሳሱ ወደ ቀለሃው ገብቶ ግፊቱን አደገኛ ያደርገዋል። ከአዲሱ ጋር አስተያየው፤ ካጠረ ጣለው።

መልስ 3፦ የሽጉጡ ነገር ተነግሯል፤ እኔ ሕጉን ልበል፣ የአገራችን ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። የቨርጂኒያ ፈቃድ የሚወጣው በምትኖርበት ከተማ ወይም ካውንቲ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው፤ የሥልጠና ወረቀት ታያይዛለህ (በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ አይቀበሉም)፣ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፍርድ ቤቱ 45 ቀን አለው፣ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል።

ይህ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። የ14ኛው ጎዳና ድልድይን ታጥቀህ ከተሻገርክ ዲሲ ውስጥ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ የጦር መሣሪያ ጥፋተኝነት ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ሜሪላንድ ያለ ወዳጅህም «ቨርጂኒያ ይረክሳል» ብሎ እዚህ ሽጉጥ ገዝቶ መውሰድ አይችልም፤ በራሱ ስቴት ባለ ሻጭ በኩል መሆን አለበት። እዚያ ለመግዛት ኤችኪውኤል የሚባለው ፈቃድ፣ ለመታጠቅ ደግሞ የ16 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናም አይሸጥለትም። እነዚህ ደንቦች ስለሚለዋወጡ በምትገዛበት ሳምንት የስቴቱን ፖሊስ ገጽ እይ።

ፈቃድ ኖሮህም ቢሆን ሬስቶራንት ውስጥ ሸሽገህ ታጥቀህ ቢራ መጠጣት በቨርጂኒያ ክልክል ነው፤ ክትፎ ቤት የምትገናኙ ከሆነ ወይ መጠጡን ወይ ሽጉጡን ተው። ኡበርና ሊፍት የሚነዱም በሥራ ላይ እንዳይታጠቁ ኩባንያዎቹ ይከለክላሉ። ከኢትዮጵያ በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣ ዘመድ መተኮሻ ቦታ ወስዳችሁ ሽጉጥ አታስይዙት፤ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ ለአንድ ሰዓት ተከራይቶ መያዝም በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል፣ ለእሱም ለእናንተም። ሽጉጥ ስትገዛ ሻጩ ዘንድ የምትሞላው የፌዴራል ቅጽ 4473 ላይ «ለራሴ ነው የምገዛው» ብለህ ፈርመህ በሌላ ሰው ገንዘብ ለዚያ ሰው መግዛትም እንዲሁ ወንጀል ነው። ስትሄድ መታወቂያህንና የግሪን ካርድህን ኤ ቁጥር ይዘህ ሂድ፤ ቅጹ ይጠይቅሃል።