የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የወጣው ነጭ ነገር ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመቀሌ አካባቢ የመጣ ግራጫ የኖራ ድንጋይ 50 ግራም ሰባብሬ፣ በሸክላ ድስት ከሰል ላይ በወናፍ እያናፋሁ 2 ሰዓት አቆየሁት። ሲቀዘቅዝ 38 ግራም መዘነ። ላዩ ነጭ ነው፣ ሲሰበር መሃሉ ግራጫ። ቀይ ሊትመስን (አሲድና አልካሊ መለያ ወረቀት) ሰማያዊ ያደርጋል፤ አቼቶ ሲነካው ደግሞ ይንሻሻል። ካልሲየም ኦክሳይድ (የተቃጠለ ኖራ) ሆኗል ማለት ይቻላል?

መልስ 1፦
በከፊል። ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ዋና ክፍል) ተቃጥሎ ሲያልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጥቶ ክብደቱ 44 በመቶ ይቀንሳል፤ 50 ግራም ወደ 28 ይወርዳል። የእርስዎ የቀነሰው 12 ግራም ብቻ ነው። ድንጋዩ ደረቅ ከነበረ፣ አሁን ያለዎት በግምት 15 ግራም ካልሲየም ኦክሳይድና 23 ግራም ጥሬ ድንጋይ ነው። ግራጫው መሃል እሱ ነው፤ ቃጠሎው ከላይ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሊትመሱን አይመኑት። የከሰል አመድም ሰማያዊ ያደርገዋል። ናሙናውን አመድ ካልነካው ከነጩ ክፍል ውስጠኛ ጎን ይውሰዱ።

መልስ 2፦
አቼቶውም እንዲሁ ያሳስታል። ካልሲየም ኦክሳይድ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይግላል፤ የእንፋሎቱ ድምፅ አረፋ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ያጠጡት። 5 ግራም በብረት ኩባያ አድርገው 3 ሚሊ ሊትር ውሃ በጠብታ ይጨምሩ። በደንብ የተቃጠለ ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ይተናል፣ ወደ ላመ ነጭ ዱቄት ይፈርሳል። ያልፈረሰውን ጠጠር ለይተው፣ ሲቀዘቅዝ አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ ጥሬ ድንጋይ ነው።

ዱቄቱን በብዙ ውሃ በጥብጠው ያጥልሉትና በጠራው ውሃ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ይተንፍሱ (ፈጽሞ ወደ አፍ አይሳቡ)። ከደፈረሰ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ካልሲየም ኦክሳይድ ውሃ ሲጠጣ የሚሆነው) አለ። ትንፋሹ ከበዛ ድፍርሱ ተመልሶ ይጠራልና ሲነጣ ያቁሙ።

የአሉሚኒየም ዕቃ አይጠቀሙ፤ ኖራ ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅንም ይወጣል። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፤ ዓይን ውስጥ የገባ ኖራ ያሳውራል።

መልስ 3፦
28 ግራም ላይ አይድረቁ። በመቀሌ አካባቢ የሚገኘው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ በየመሃሉ ሸክላማ ንጣፍ አለው። ከጥሬው 2 ግራም ፈጭተው በ100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ውስጥ ይተዉት፤ አረፋው ሲያበቃ የቀረውን በማጣሪያ ወረቀት አጥልለው፣ አድርቀው ይመዝኑ። አረፋው ገና ከመጀመሪያው ዝግ ካለ ዶሎማይት (ማግኒዚየምም ያለበት የካርቦኔት ድንጋይ) ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ዶሎማይት በቃጠሎ የሚያጣው 48 በመቶ ገደማ ነው።

ጠያቂ፦
አረፋው ወዲያው ነው የወጣው። የቀረው ጭቃ 0.08 ግራም መዘነ።

መልስ 3፦
ጭቃው 4 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ከ50 ግራሙ 48ቱ ካርቦኔት ነው። የሚያጣው 21 ግራም፣ የሚደርሰውም ወደ 29 ግራም ነው። ስባሪውን የሽምብራ ፍሬ እስኪያክል አሳንሰው እንደገና ያቃጥሉ፣ ደጅ ላይ፤ የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ይገድላል። ደብዛዛ ቀይ ግለት አይበቃም፤ ድስቱ ራሱ ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ከ900 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት። ክዳኑን በጠባቡ ክፍት ያድርጉት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውጫ ካጣ ቃጠሎው ይገታል። ከድኖ አቀዝቅዞ ወዲያው መመዘን ነው፤ ክፍት ካደረ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይከብዳል። ሁለት ተከታታይ ቃጠሎ አንድ ዓይነት ክብደት ሲሰጥዎት አልቋል።