በወር በዓላት አለማረስ፦ የአባቶች ሥርዓት ወይስ የአጥቢያ ልማድ?

የታሪክ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ያለው ገበሬ በየወሩ በሚውሉት የቅዱሳን በዓላት ሁሉ ከእርሻ መከልከሉ ቤተ ክርስቲያን የደነገገችው ሥርዓት ነው ወይስ በጊዜ ብዛት የተጨመረ ልማድ? ልማድ ከሆነስ ማሻሻል የሚችለው ማን ነው?

እኔ የበዓላቱ ብዛት በአመዛኙ የአንድ ንጉሥ ሥራ ነው እላለሁ፤ እርሱም እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ የከተመው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ነው። 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዘ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረገ፣ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስቦ ቅዳሜ እንደ እሑድ እንድትከበር ያስወሰነ እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ያስፈጸመው ደግሞ በስብከት ብቻ አልነበረም። ለሥዕልና ለመስቀል እንዲሁም ለንጉሥ አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት) ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፣ ተገድለዋል፤ በደብረ ብርሃን ሰማይ ላይ ታየ የሚባለው ብርሃን የታየውም እነርሱ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ መሆኑን የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ ይናገራል። የከተማችን ልጆች ስለ ብርሃኑ ይማራሉ፤ ስለ ውግራቱ ግን የሚነግራቸው የለም። ለማንኛውም፣ በሰው ትእዛዝ የተጨመረ በሰው ትእዛዝ ሊቀነስ ስለሚችል፣ ቅዱስ ሲኖዶስ ሥራ የማይከለከልባቸውን ዕለታት ለይቶ ለየአጥቢያው በደብዳቤ ቢያሳውቅ ነገሩ ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

መሪጌታ፣ መንዝ

መምህር፣ የደብረ ምጥማቁን ነገር ከፍጻሜው ጀመሩት። ቅዳሜን በማክበራቸው ምክንያት ክህነት ተነፍገው የተገፉት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ከጉባኤው በፊት ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ በዚህ አቋም ጸንተው ኖረዋል። አባ ኤዎስጣቴዎስ ራሳቸው አገራቸውን ለቀው በግብፅና በኢየሩሳሌም በኩል አልፈው በአርመን ምድር ሲያርፉ፣ ደቀ መዛሙርታቸው ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማትን አቀኑ። የዘርዐ ያዕቆብ አባት ዐፄ ዳዊት በ1396 ዓ.ም. ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ልጃቸው በደብረ ምጥማቅ ያደረጉት ይህን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነገር ለሁሉ ማድረግ ነው፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ሳይቀሩ የተስማሙት፣ እነዚያም መነኮሳት በፋንታቸው ክህነትን ከጳጳሳቱ እጅ ለመቀበል የፈቀዱት በዚሁ ጉባኤ ነው። ከታች ወደ ላይ የወጣውን ከላይ ወደ ታች የወረደ አድርገው አይቁጠሩት።

ሥርዓቱን በተመለከተ፣ የምናስተምረው ዘጠኝ ዐበይትና ዘጠኝ ንኡሳን የጌታ በዓላትን፣ የእመቤታችንን 33 በዓላት፣ በየወሩ ደግሞ 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምንና 29 በዓለ ወልድን ነው። በ5 አቦ፣ በ19 ገብርኤል፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት በየወሩ ሞፈር አይነካ ብዬ አላስተምርም። እነዚህን የአጥቢያው ሰው በታቦቱ ስም ተስሎ ይዟቸዋል። ስእለት ደግሞ በደብዳቤ አይፈታም።

የግብርና ባለሙያ፣ ሞረትና ጅሩ

የኔታ ሦስቱን የወር በዓላት ለይተው ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ፤ በምሠራበት ቀበሌ ግን ይህ ልዩነት አይታወቅም። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ ተብሎ ሲቆጠር፣ ቅዳሜና እሑድ ሲታከሉበት ገበሬው በሬ የሚጠምድበት ቀን ከወሩ ግማሽ ያንሳል። ይህ በበጋ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። የጅሩ ጥቁር አፈር ግን ውኃ ይቋጥራል፤ ዘር የሚገባበት ጊዜ አጭር ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ የታጨደ ስንዴ በማሳው ላይ ይበቅላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በበዓል ቀን አንድ ሰው ቢያርስ በረዶው የሁሉንም ማሳ ይመታል ተብሎ ይታመናል፤ በዚህም የተነሣ ሽማግሌዎች ያረሰውን ይቀጣሉ። እንግዲህ በዓሉን ማክበር የዚያ ሰው የራሱ አምልኮ መሆኑ ቀርቶ ለጎረቤት የሚከፈል ዋስትና ሆኗል። ይህን የሚያስተምር ቄስ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህን የሚገሥጽ ቄስም ሰምቼ አላውቅም።

ነርስ፣ መሐል ሜዳ

እስካሁን የተናገራችሁት ሁሉ ስለ ወንዶች እረፍት ነው። በገጠራችን በዓል ለሞፈርና ለማጭድ እንጂ ለእንሥራና ለምጣድ ወጥቶ አያውቅም። እንዲያውም ጽዋ የሚጠጣበት ዕለት ለሴቷ ከሥራ ቀን ይብሳል፤ ጠላው የሚጠመቀው፣ እንጀራው የሚጋገረው፣ ውኃው የሚቀዳው በእርሷ ነው፤ ነፍሰ ጡር ብትሆንም አይቀርላትም። የሰንበት ትእዛዝ በኦሪት ዘጸአት 20፥10 ወንድና ሴት ልጅን፣ ወንድና ሴት አገልጋይን፣ ከብትን፣ እንግዳን ሳይቀር እንዲያርፉ ይጠራል፤ ሚስት ግን በስም አልተጠራችም። አባቶች ይህን ክፍተት እንዴት እንደሚተረጉሙት ብሰማ ደስ ይለኛል።

መሪጌታ፣ መንዝ

ልጄ፣ ትእዛዙ የሚጀምረው «አንተ» ብሎ ነው፤ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ስለሆኑ «አንተ» ውስጥ አለች ብለን እንተረጉመዋለን። ትርጓሜው ከማድቤት እንዳልደረሰ ግን አይቻለሁ።

የታሪክ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የኔታ፣ ከላይ የወረደ ነገር አይሰምርም ካሉ ስለ ቦሩ ሜዳ ምን ይሉናል? ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ከገቡ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ሸዋና ደብረ ሊባኖስ ይከተሉት የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት (ክርስቶስ ከአብ፣ ከማርያምና በመንፈስ ቅዱስ ሦስት ጊዜ ተወለደ የሚለው) ተወገዘ። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ይደግፈው የነበረ፣ በአንኮበር ካህናትን ያጣላ ትምህርት ዛሬ በሸዋ የሚያስተምረው አይገኝም። ውሳኔ ሰምሯል።

መሪጌታ፣ መንዝ

ሰምሯል፤ ከጀርባው ግን ጦር ነበረ። በዚያው ጉባኤ ማግሥት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የተገደዱትም በዚያው ጦር ነው። ያን መንገድ ለበዓል ጉዳይ የሚመኝ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ሲኖዶስ ደብዳቤ ቢጽፍ ደብዳቤው በቤተ ክህነት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ገበሬው ግን የሚሰማው የንስሐ አባቱን ነው።

ደግሞም የ24ቱን ልማድ ብቻ ብለው ሲያልፉት አንድ ነገር ያስቡልኝ። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስጨረሰው ሕዝቡ ለግንቦት 12 የተክለ ሃይማኖት በዓል በተሰበሰበበት ሰሞን ነው፤ ዲያቆናቱ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው እንጌጫ ላይ ተረሸኑ። ሕዝቡ ደም ከፈሰሰበት በኋላ ያጠበቀውን በዓል ለምርት ሲባል ተወው ማለት ቀላል አይደለም።

የታሪክ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

እንጌጫን አልረሳሁትም። ነገር ግን ሰማዕታቱን ማሰብ በቅዳሴና በዝክር ይፈጸማል፤ የበሬ ሥራ መፍታት ለዝክሩ ምን እንደሚጨምር አልታየኝም። ስለ ደብዳቤው ግን በየኔታ እስማማለሁ፤ ነገሩ በሰበካ ጉባኤ ይነሣ።

የግብርና ባለሙያ፣ ሞረትና ጅሩ

እንግዲያው ተጨባጭ ሐሳብ ላቅርብ። በቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኒቱ የሰበካ አስተዳደር ደንብ መሠረት በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አለ፤ ካህናትም ምእመናንም ይቀመጡበታል። 12፣ 21ና 29 እንዳሉ ይከበሩ። በሌሎቹ ግን በዘርና በአጨዳ ወራት ቅዳሴ ከወጣ በኋላ የፈለገ እንዲሠራ፣ ያልፈለገ እንዳይገደድ፣ ቅጣቱም እንዲቀር ጉባኤው ይወስን። እኔ በስብሰባ ላይ ብናገረው የመንግሥት ቃል ይሆናል፤ በደርግ ጊዜ በበዓል ሥሩ ሲባል የነበረውን ሽማግሌዎች ገና አልረሱትም።

ነርስ፣ መሐል ሜዳ

ጉባኤው ሲቀመጥ ሴቶችም ይኑሩበት፤ የጽዋው ድግስም ወደ ዳቦና ጠበል ዝቅ ይበል። ይህ ካልተጨመረ ወንዱ በበዓል ሲያጭድ ውሎ ለእርሱም ምሳ የምታደርሰው እርሷው ናት፤ ሥራ ይጨምርባታል እንጂ አይቀንስላትም።

መሪጌታ፣ መንዝ

የድግሱን ነገር እኔም እደግፋለሁ። ለግብርናው ልጄ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ውሳኔውን የደብሩ አስተዳዳሪ ራሳቸው፣ በታቦቱ ዕለት፣ በዐውደ ምሕረት ካልተናገሩት ማንም አይቀበለውም። ቢናገሩትም በመጀመሪያው ዓመት በረዶ ይወርድ ይሆናል፤ በደጋ አገር በረዶ መውረዱ አይቀርም። ያን ጊዜ ያጨደውን ሰው ከጎረቤቶቹ የሚያስጥለው ማን እንደሆነ፣ ካህኑም ለአጥቢያው ምን ብለው እንደሚመልሱ ከውሳኔው አስቀድሞ ተነጋግራችሁ ጨርሱ።